ሰርቨሩ አለ፣ ፎልደሩ የለም

አንድ ግቢ፣ ብዙ ዳታ

አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ ላይ ከታክሲ ከሚወርደው ሰው ጥቂት የማይባለው መድረሻው አለርት ሆስፒታል ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ዓ.ም. በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሆን፣ አለርትም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚያው ላይ ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው አጠገብ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዛሬ በአጭሩ አህሪ የምንለው፣ ተከፈተ። ስሙ የተወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው።

ሆስፒታልና የምርምር ተቋም ጎን ለጎን ሲሠሩ የሚወጣው ዳታ ቀላል አይደለም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጂኖም 3.27 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ ተጽፎ ቢቀመጥ ከአራት ሜጋባይት አይበልጥም። ማሽኑ ግን ያንኑ እየደጋገመ ስለሚያነብ ጥሬው ፋይል ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአንድ ሰው ጂኖም 30 ጊዜ ተደጋግሞ ሲነበብ ደግሞ ጥሬ ዳታው 100 ጊጋባይት አካባቢ ይደርሳል። ሲቲ ስካንም ቢሆን ከአንድ ታካሚ ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ያወጣል፤ ምስሉ የሚነሳው በአንዱ ሕንፃ፣ የሚታየው በሌላው ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ዳታ በአንድ ሰው ዴስክቶፕ ላይ አይኖርም። ኔትወርክ ላይ በተቀመጠ የጋራ ስቶሬጅ ይቀመጥና ሰርቨሮቹ ከዚያ እያነበቡ፣ እዚያው እየጻፉ ይሠራሉ። ስቶሬጁና ሰርቨሩ የተቆራረጡ ቀን ግን ሁለቱም በየፊናቸው ደህና ሆነው ሥራው ይቆማል። በመስኮቱ በኩል ያለው ባለጉዳይ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው በሆስፒታል፣ በላብራቶሪ፣ በኮሌጅና በቀበሌ ሰርቨር ክፍል ለሚሠሩ ልጆች ነው። የማቀርበው ምሳሌ እንዲህ ላለ ግቢ የሚስማማ ነው እንጂ የአንዱን ተቋም ማሽን ክፍል ልገልጥ አይደለም።

ማን ከማን ጋር በምን ይነጋገራል?

በዚህ ነገር ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ሳይታወቅ አይታለፍም። ሊኑክስ ሰርቨሮች ስቶሬጅ የሚጋሩት በአብዛኛው በኤንኤፍኤስ ነው፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፕሮቶኮል ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀመው ኤስኤምቢን ነው። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጀል እ.ኤ.አ. በ1992 ከጀመረው ከሳምባ ወዲህ ሊኑክስም ኤስኤምቢን ያውቃል፤ ከሱቅ የምትገዙት አብዛኛው ናስም፣ ማለትም ኔትወርክ ላይ የሚቀመጠው የጋራ ስቶሬጅ ማሽን፣ ውስጡ ሲከፈት ሊኑክስና ሳምባ ነው።

ኤስኤምቢ የሚሠራው በፖርት 445 ነው። ኤንኤፍኤስ በ2049 ይሠራል፤ አሮጌው ሦስተኛው ቨርዥን ግን ፖርት 111ንና ሌሎች ተጨማሪ ፖርቶችን ይፈልጋል፣ አራተኛው 2049 ብቻ ይበቃዋል። ፋየርዎል ላይ 2049ን ከፍቶ «ለምን አልሠራ አለ?» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የትኛውን ቨርዥን እንደሚጠቀም ጠይቁት።

ሦስተኛው አይስከዚ ነው፤ ፎልደር ሳይሆን ባዶ ዲስክ ነው ለሰርቨሩ የሚሰጠው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አንዱን የአይስከዚ ዲስክ በተለመደው ፋይል ሲስተም ለሁለት ሰርቨር አትስጡ። ሁለቱም የራሳቸው መስሏቸው ይጽፉበትና ዳታው ይበላሻል።

ዝምታ፣ እምቢታና ክልከላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስልክ ተደወለ እንበል።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄ ፎልደር ዛሬም አልከፍት አለኝ።»

«ሲስተር፣ ስክሪኑ ላይ ምን ብሎ ጻፈልዎት?»

«ኧረ እንጃ፣ እንግሊዝኛ ነው፤ ዘጋሁት።»

ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ሄዶ ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል፣ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፣ ሲሠራም ለምን እንደሠራ የሚያውቅ የለም። መልእክቱ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ግማሹን ነግሮን ነበር።

ወደ አንድ ግቢ ሄዳችሁ በር አንኳኳችሁ እንበል። ማንም ካልመለሰ አንድ ነገር ነው። ዘበኛው ብቅ ብሎ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ካለ ሌላ ነው። «ሰውየው አለ፣ አንተ ግን አትገባም» ካለ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰው አግኝታችኋል፤ መንገዱ ትክክል ነው፣ በሩም ያው ነው። እንግዲህ መንገድ ለመቆፈር መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

ሊኑክስ ላይ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ዝምታ ነው፤ የላካችሁት ጥያቄ መልስ አላገኘም። ኬብል፣ ስዊች፣ አይፒ፣ ወይም ዝም ብሎ የሚጥል ፋየርዎል ፈልጉ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ማሽኑ በሕይወት አለ፣ ፖርቱ ላይ ግን የሚያዳምጥ የለም፤ በአብዛኛው ናሱ ተነስቶ የኤንኤፍኤስ አገልግሎቱ አልተነሳም። «አክሰስ ዲናይድ ባይ ሰርቨር» ማውንት ስታደርጉ ከመጣ አገልግሎቱ አግኝቷችኋል፣ የእናንተ አይፒ ግን ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። ማውንት ከሆነ በኋላ «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል ከሆነ ኔትወርኩን እርሱት፤ ጥያቄው የሰው ፈቃድ ነው።

ዊንዶውስ በቁጥር ነው የሚናገረው፤ ቁጥሮቹን ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይከፋም። ስህተት 53 ሰርቨሩን ጨርሶ አላገኘሁትም ማለት ነው። 67 ሰርቨሩ አለ፣ በጠራችሁት ስም የተጋራ ፎልደር ግን የለም ነው፤ ብዙ ጊዜ የፊደል ስህተት ነው። 1326 የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስወርድ ተሳስቷል። 5 ደግሞ ማንነታችሁ ታውቆ ፈቃድ ተነፍጓችኋል። 53 እና 5ን አንድ አድርጎ «ኔትወርኩ ተበላሽቷል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሁለት ክፍሎችን በከንቱ ያጣላል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ አሳሳች አለ። ፒንግ እየመለሰ ማውንቱ «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ቢል መንገድ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ሬድሃትና የእሱ ዘር የሆኑ ሊኑክሶች ፋየርዎላቸው ሲከለክል መልሱን በዚህ መልክ ይልካሉ። ስለዚህ ራውተር ከመነካካታችሁ በፊት የናሱን ፋየርዎል እዩ።

ከታች ወደ ላይ

ዝምታ ከገጠማችሁ ከኬብሉ ጀምሩ። የስዊቹ መብራት ይብለጨለጫል? ሰርቨሩ የያዘው አይፒ የራሱ ነው ወይስ በ169.254 የሚጀምር? እንዲህ የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚሰጠውን አላገኘም ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ስሙን ፈትሹ። ናሱን በስሙ ስትጠሩት እምቢ ብሎ በአይፒ ስትጠሩት ከመጣ አንደኛው ተጠርጣሪ ዲኤንኤስ ነው። ሁለተኛውን ተጠርጣሪ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ እሱ ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው።

ከዚያ ፖርቱን። ፒንግ መመለሱ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይደለም፤ አለመመለሱም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ፒንግ ተዘግቶ ፋይል የሚያልፍበት ቤት አለ። ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል «ቴስት ኔት ኮኔክሽን» የሚለውን ከፖርት 445 ጋር ስጡት፣ ሊኑክስ ላይ «ኤንሲ» የሚባለውን ከ2049 ጋር። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ጥፋቱ ኔትወርኩ ላይ ነው ወይስ ከእሱ በላይ የሚለውን ይፈርድላችኋል።

ፎልደሩ ይከፈታል፣ ትንንሽ ፋይል ይወርዳል፣ ትልቅ ፋይል ሲሆን ግን መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ይህ ምልክት ሲመጣ የፓኬት መጠንን ጠርጥሩ። ስቶሬጁን ለማፍጠን ብሎ አንዱ ሰው ናሱንና ሰርቨሩን 9000 ላይ አድርጎ፣ መሃል ያለው ስዊች 1500 ላይ ቀርቶ ይሆናል። ለማረጋገጥ «እንዳይቆራረጥ» የሚለውን ምርጫ ጨምራችሁ 8972 ባይት የሆነ ፒንግ ላኩ። ትንሹ ፒንግ አልፎ ይህኛው ከቀረ ስዊቹን ወይ አስተካክሉ ወይ ሁሉንም ወደ 1500 መልሱ። የእኔ ምክር ሁለተኛው ነው፤ በትንሽ ቢሮ 9000 ከሚያተርፈው የሚያከስረው ይበልጣል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

በእኛ አገር የስቶሬጅ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚወለደው መብራት በሄደ ጊዜ ሳይሆን በመጣ ጊዜ ነው። ሁሉም ማሽን ባንድ ላይ ይነሳል። ሰርቨሩ ቶሎ ይነሳል፤ ስምንት ዲስክ የተሸከመው ናስ ግን ዲስኮቹን አንድ በአንድ አንቀሳቅሶ፣ ፋይል ሲስተሙን መርምሮ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስዳል። ሰርቨሩ ናሱን ሲጠራ ናሱ ገና ነው። ጥሪው ይከሽፋል፤ ሰርቨሩ ያለ ስቶሬጅ ሥራ ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው አደገኛው። ሊኑክስ ላይ ስቶሬጁ የሚለጠፍበት፣ ማለትም ማውንት የሚሆንበት፣ ፎልደር በሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ላይ ያለ ባዶ ፎልደር ነው። ስቶሬጁ ባይለጠፍም ፎልደሩ አለ። ፕሮግራሙም «ፎልደሩ አለ» ብሎ የዕለቱን ምስልና ውጤት እዚያ ውስጥ መጻፍ ይጀምራል። ማንም ስህተት አያይም። ከሰዓት በኋላ ወይ የሰርቨሩ ትንሽ ዲስክ ይሞላል፣ ወይ አንድ ባለሙያ ማውንት ያደርግና ስቶሬጁ ከላይ ይለጠፋል። በዚያች ቅጽበት የጠዋቱ ፋይል ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። አልጠፋም፤ ከተለጠፈው ስቶሬጅ ሥር ተቀብሮ ነው ያለው። ይህን የማያውቅ ሰው ዳታ ጠፋ ብሎ ከባክአፕ ሊመልስ ይሞክራል፤ የጠዋቱ ሥራ ግን ባክአፕ ላይም የለም።

እንዴት ይታወቃል? «ዲኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡና የዚያን ፎልደር መስመር ተመልከቱ። የ20 ቴራባይት ስቶሬጅ መታየት ሲገባው በግራ በኩል የሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ስም፣ መጠኑም 50 ጊጋባይት ከሆነ ስቶሬጁ አልተለጠፈም። እዚያው ላይ ፕሮግራሙን አቁሙ፣ የተጻፈውን ወደ ሌላ ቦታ አንሱ፣ ከዚያ ማውንት አድርጉ፣ ከዚያ ያነሳችሁትን መልሱ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ።

መከላከያው ሦስት ነው፣ ሦስቱም ነፃ ነው። የማውንት ዝርዝሩ በሚጻፍበት በኤፍኤስታብ ፋይል ላይ «ኔትዴቭ» የሚለውን ምርጫ መጨመር፤ ሰርቨሩ ኔትወርክ ሳይነሳ ስቶሬጅ እንዳይፈልግ ያደርጋል። ኦቶማውንት መጠቀም፤ ስቶሬጁ ሰርቨሩ በሚነሳበት ሰዓት ሳይሆን ሰው ፎልደሩን በነካ ጊዜ ይለጠፋል፣ ናሱ ቢዘገይም ግድ የለም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ስቶሬጁ ሳይለጠፍ ባዶውን ፎልደር «ቻተር» በሚባለው ትእዛዝ እንዳይጻፍበት ቆልፉት። ከዚያ በኋላ ስቶሬጁ ባልተለጠፈ ቀን ፕሮግራሙ ጮሆ ይወድቃል። በዝምታ በተሳሳተ ቦታ ከሚጽፍ ጮሆ የሚወድቅ ፕሮግራም ይሻላል።

ጄኔሬተር ያለበት ግቢም አይድንም። ሰርቨሩና ናሱ ዩፒኤስ ላይ ናቸው፣ ኮሪደር ላይ ያለው ስዊች ግን ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ጄኔሬተሩ እስኪረከብ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ስዊቹ ጠፍቶ ይነሳል። ሁለቱ ማሽኖች መብራት እንደሄደ እንኳ አላወቁም፤ ተጠቃሚው ግን ፎልደሩ ደረቀበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ ሰርቨር መግዛት አይደለም፤ ለስዊቹ ትንሽ ዩፒኤስ ነው።

ሰዓት ስንት ነው?

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ያልኳችሁ ሰዓት ነው። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ያለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨሩ ማንነቱን ለናሱ የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በሚባል ዘዴ ነው። ኬርቤሮስ ደግሞ የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ አይሠራም። ፓስወርዱ ትክክል፣ ኬብሉ ትክክል፣ ፈቃዱ ትክክል፤ በሩ ግን ዝግ። በአይፒ ስትጠሩት ኬርቤሮስን ትቶ ወደ አሮጌው ዘዴ ስለሚመለስ ይከፈታል። ሰው ታዲያ «ዲኤንኤስ ነው» ይልና ዲኤንኤሱን ሲያፈርስ ይውላል።

ሰዓት የሚዛባው ለምንድን ነው? መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት ቦታ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምንለው፣ ሲያረጅ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ከዚያ አንዱ ባለሙያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይሞላል። እኛ ጋ ይህ የራሱ አደጋ አለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የእጅ ሰዓቱን አይቶ 3:00 ብሎ ይሞላል፤ ማሽኑ የሚፈልገው ግን 9:00 ነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት። ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ እንደሆነማ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሰርተፍኬቶቹም ሁሉ «ገና አልተወለድንም» ይላሉ።

መፍትሔው በእጅ መሙላት አይደለም። ሁሉም ማሽን ሰዓቱን ከአንድ ቦታ እንዲወስድ በኤንቲፒ አስተካክሉ፤ ዶሜይን ካለ ከዶሜይን ኮንትሮለሩ፣ ናሱም ጭምር። የሚረሳው ናሱ ነው። የሰዓት ዞኑን የምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ወደፊት አድርጉት፤ በጋ ከክረምት የሚቀየር ነገር የለንምና አንዴ ከተስተካከለ ተስተካከለ። ባትሪውንም ቀይሩት፤ ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ያህል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በስም አይደለም፣ በቁጥር ነው

ፈቃድ ላይ ስንደርስ ኤንኤፍኤስ አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። በተለመደው አሠራሩ የሚያየው የተጠቃሚውን ቁጥር እንጂ ስሙን አይደለም። በአንዱ ሰርቨር ላይ «ላብ» የሚባለው ተጠቃሚ ቁጥሩ 1001 ሆኖ በሌላው 1003 ከሆነ ለስቶሬጁ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይባስ ብሎ በሁለተኛው ሰርቨር 1001 የተሰጠው ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ፋይል እንደ ራሱ ይከፍተዋል። ስለዚህ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲመጣ ፋይሎቹን ከነባለቤታቸው ቁጥር ዘርዝራችሁ ከሁለቱም በኩል አወዳድሩ። ባለቤቱ «ኖባዲ»፣ ቁጥሩም 65534 ሆኖ ካያችሁት ደግሞ በአብዛኛው ናሱ ሩትን ወደ ተራ ሰው አውርዶታል ማለት ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሩት ስቶሬጁን እንዳያጠፋ የተደረገ ጥበቃ ነው።

ብዙ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው አንዱ ፎልደር እየከፈተለት ሌላው እምቢ ካለውም አትደነቁ፤ ይኸው የተለመደው አሠራር ከሰውየው ግሩፖች 16ቱን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። አሥራ ሰባተኛው መንገድ ላይ ይቀራል።

በዊንዶውስ በኩል ፈቃድ ሁለት ቦታ ነው የሚሰጠው፤ በተጋራው ስም ላይና በፎልደሩ ላይ። ከሁለቱ የጠበበው ነው የሚሠራው። ፎልደሩ ላይ ሙሉ ፈቃድ ሰጥታችሁ አሁንም መጻፍ ካልተቻለ የተጋራውን ስም ፈቃድ እዩ፤ «ማንበብ ብቻ» ብሎ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ስህተት 1219 የሚመጣው ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ወደ አንዱ ሰርቨር በሁለት ተጠቃሚ ስም ሲገባ ነው፤ የቀድሞውን ግንኙነት በ«ኔት ዩዝ» ቁረጡና እንደገና ግቡ።

አዲስ ኮምፒውተር ተገዝቶ፣ አሮጌው ናስ ለአሮጌዎቹ እየከፈተ ለአዲሱ ብቻ እምቢ ካለ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ዊንዶውስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ቨርዥን ዘግቶ ነው የሚመጣው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ያሽመደመደው በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ደግሞ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ይበልጥ አጥብቧል። የናሱን ሶፍትዌር አድሱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስም ስጡ። ጥበቃውን አጥፍቶ አሮጌውን መንገድ መክፈት ቀላል ነው፤ ዋናክራይንም ያስገባው ያው ቀላሉ ነው።

እዚህ ላይ ቆጣ ልበል። ፈቃድ ሲያስቸግር ሊኑክስ ላይ 777፣ ዊንዶውስ ላይ «ኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል» ሰጥቶ መሄድ ልማድ ሆኗል። የታካሚ ውጤት ባለበት ፎልደር ላይ ይህ ብልሃት ሊባል አይችልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው የጤና መረጃም ለሁሉ ክፍት ሆኖ የሚቀመጥ አይደለም። ዘነበወርቅ ደግሞ በሽታው በታወቀ ሰው ላይ ኅብረተሰቡ ምን ያደርግ እንደነበር ከሌላው ሰፈር በላይ ያውቃል።

ማሽኑ ሲደርቅ

ስቶሬጁ ሥራ መሃል ላይ ከጠፋ ሊኑክስ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ሃርድ ማውንት ከሆነ ናሱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ «ዲኤፍ» ሳይቀር ይደርቃል፣ ፕሮግራሙን ለመግደል ብትሞክሩም እሺ ላይል ይችላል። ሶፍት ማውንት ከሆነ ጥቂት ሞክሮ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። ሶፍቱ የተሻለ ይመስላል፤ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ግማሽ የተጻፈ ፋይል ትቶ ሊሄድ ይችላል። ለሚጻፍበት ስቶሬጅ ሃርድ ይሁን፣ ናሱ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። መድረቁ ያናድዳል እንጂ ዳታ አያበላሽም።

«ስቴል ፋይል ሃንድል» የሚል ካያችሁ ሰርቨሩ የያዘው ፋይል ናሱ ላይ የለም ወይም ተቀይሯል፤ ማውንቱን አንስታችሁ እንደገና ለጥፉት፣ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም። መጻፍ ብቻ እምቢ ብሎ ማንበብ ከተቻለም ከሁሉ በፊት ስቶሬጁ ሞልቶ እንደሆነ እዩ።

ፋይሉ በአማርኛ ሲሰየም

ይህ ክፍል በውጭ መጽሐፍ ብዙም አይገኝም። የአንድ ፋይል ስም ሊኑክስ ላይ ከ255 ባይት አይበልጥም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ለእኛ 85 ፊደል ነው የሚበቃው። ዊንዶውስ በራሱ ዲስክ ላይ 255 ፊደል ይቀበላል። ውጤቱ? ደብዳቤውን ከነቁጥሩ፣ ከነርዕሱና ከነተቀባዩ የፋይል ስም ያደረገ ጸሐፊ ላፕቶፑ ላይ ያለችግር ያስቀምጣል፣ ወደ ናሱ ሲገለብጥ ግን እምቢ ይለዋል። ስቶሬጁ ጤነኛ ነው፤ ስሙ ነው የረዘመው።

ሌላም አለ። ለእኛ ጆሮ «ሐኪም»፣ «ሀኪም» እና «ሃኪም» አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ፎልደር። ስክሪፕት የጻፈው በሐመሩ «ሐ»፣ ፎልደሩን የከፈተው በሃሌታው «ሀ» ከሆነ «ፎልደሩ የለም» ይላል፣ ሁለቱም እያዩት። የተጋራውን ስም አጭርና በላቲን ፊደል አድርጉት፤ የውስጡን ፎልደር በአማርኛ ከሰየማችሁ አጻጻፉን በጽሑፍ ተስማሙበት።

ከመንካታችሁ በፊት

የስቶሬጁ አይፒ፣ ስም፣ ፖርት፣ የተጋራው ፎልደር ስም፣ የትኛው ስዊች ላይ እንደተሰካና ማሽኖቹ መብራት ሲመጣ የሚነሱበት ተራ፣ ማለትም ስዊች፣ ናስ፣ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ሰርቨር፣ በአንድ ወረቀት ታትሞ ማሽን ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። ስቶሬጁ ላይ አይቀመጥ፤ ስቶሬጁ በጠፋ ቀን ነው የሚፈለገው። ፓስወርድ ግን ወረቀቱ ላይ አይጻፍ።

ሪስታርት ማድረጋችሁ ካልቀረም መጀመሪያ የስህተቱን መልእክት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የታካሚ ስም የሚታይበት ከሆነ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። የሆነበትንም ሰዓት ጻፉ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጁ ለይታችሁ።